የሰው ዳንቴል በእኛ ጠረጴዛ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የመጨረሻዋ ልጄ ቤዛ ምድጃው ላይ ቡላ ስታማስል አገኘኋት። ገንፎ መስሎኝ ቅቤው የት እንዳለ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ከጎኗ አንድ የተነፋ ቀይ ፊኛና አንድ ጥቅል ነጭ ክር አየሁ። «እማዬ፣ የሚበላ አይደለም፤ ለሳሎኑ ጠረጴዛ ነው» አለችኝ። ክሩን ቡላው ውስጥ ነክራ ፊኛው ላይ ትጠመጥመዋለች፤ ሲደርቅ ፊኛውን በመርፌ ታፈነዳዋለች፤ የሚቀረው የክር ኳስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ስልኳ ላይ ያለችው ሴትዮ የምትሠራው በሙጫ ነው። «ሙጫው ውድ ነው፣ ቡላ ግን ቤት ሞልቷል። በጀት የለማ እማዬ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቅቤና ጨው ያልነካው፣ በውሃ ብቻ የፈላ ቡላ የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ ኮምጠጥ፣ ትንሽ እርጥብ አፈር አፈር የሚል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ጆሮዬ ጋለ። ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑ ትዝ ሲለው ዓይኑ እንባ ያቀራል ይባላል። እኔን የሚቀድመኝ ጆሮዬ ነው፤ ሰው ፊት እንደተቆጡት ተማሪ ይግላል።

ቤዛ ይህን ሁሉ የምትደክመው እሑድ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ሊመጡ ስለሆነ ነው። ከመሃላቸው ስሙን ስትጠራ ድምጿ የሚቀጥንለት አንድ ልጅ አለ፤ እኔም ያላወቅሁ መስያለሁ። ጠረጴዛውን አናጢ ቤት ከተራረፈ ጣውላ አሠርታዋለች። ቀለም እንኳ አልቀባችውም፤ ምስማሩ ሳይቀር ይታያል፤ «ፋሽኑ እንዲህ ነው» ትላለች። በላዩ ያለው የነሐስ ትሪ የጎረቤታችን የሰሚራ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ የሰካችውን የደረቀ የቡና ቅርንጫፍ ጓደኛዋ ከባንኮ ጎቲቲ አምጥታላት ነው። ከጎኑ ማንም የማያነባቸው ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አነባብራለች። መቼም አምሯል፣ ሐሰት አልናገርም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰሚራ ግቢ ድረስ ሄዳ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ መንገደኛው እየሰማ፣ «ትሪሽን አውሺኝ፣ ጠረጴዛዬ ባዶ ሆነብኝ!» ብላ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። በእኛ ጊዜ ነውሩ መዋሱ አልነበረም። ነውሩ መናገሩ ነበር።

ያንን ጊዜ በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ስኳር በወረፋ የሚሸጥበት፣ የጎረምሶቹ ሱሪ ከታች ሰፍቶ የዲላን ጭቃ የሚጠርግበት፣ የሴቶቹ ጫማ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረበት ጊዜ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በረንዳ ላይ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች በመሃላቸው አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበራቸው። የሚወዱት ዘፈን ሲመጣ ሁሉም መርገጫውን እኩል ይረግጡታል፤ እኛም ሱቅ ውስጥ ሆነን በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ዘፈኑን እንለየው ነበር። ከገደብ ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ የሙዝ ግንድ የሚያህል የቆጮ ጥቅል ጭኖ ሲገባ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣል። የፕላስቲክ ጽጌረዳ አንዱ ዘንግ ስሙኒ ነበር። ጥቅል ክር ግን አንድ ብር፤ ብር ደግሞ ያኔ ብር ነው! እኔ የምሠራው እዚያው በረንዳ ጥግ፣ ከመሃል አገር የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የከፈቱት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሙሉጌታን ያወቅሁት እዚያ ነው። በአውቶቡስ ከዲላ ወጣ ባለችው ጨለለቅቱ የሚያስተምር መምህር ነው፤ በየሳምንቱ ጠመኔ ሊገዛ ይመጣል። ያን ያህል ጠመኔ የሚበላ ትምህርት ቤት እንደሌለ ባለሱቁም፣ እኔም፣ እሱም እናውቅ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠመኔውን ሳይወስድ «ሽማግሌ ልልክ ነው» ብሎኝ ወጣ። ደስታዬን እንኳ ሳልጨርስ ስለ ጠረጴዛችን ማሰብ ጀመርኩ።

አባቴ ቡና ማበጠሪያ ቤት ጆንያ ሰፊ ነበር። ጠረጴዛችንን የሠራው የማሽን መለዋወጫ ከመጣበት ሣጥን ነው፤ አለቃውን ለምኖ ወሰደና አራት እግር መታበት። ጥሩ ጠንካራ እንጨት ነበር። ክፋቱ በአንድ ጎኑ ጥቁር የፈረንጅ ፊደል፣ በሌላው ጎኑ ደግሞ ጥላና ብርጭቆ ተስለውበታል፤ ዝናብ አይንካው፣ እንዳይሰበር ለማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቢፍቁትም አይለቅም። ስለዚህ እናቴ እስከ መሬት የሚወርድ አንሶላ ታለብሰው ነበር። እንግዳ እግሩን ዘርግቶ አንሶላውን ከፍ ያደረገው እንደሆነ እማዬ ወሬዋን አቋርጣ ጎንበስ ትላለች፤ የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስላ ታስተካክለዋለች። ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ መሃሉን በመጋረጃ ከፍለን የፊቱን «ሳሎን» እንለዋለን። ሳሎን የሚያሰኘው ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

አንሶላ ግን ልብስ እንጂ ጌጥ አይደለም፤ ጌጡ ዳንቴል ነው። የሰፈራችን ሴቶች ኪሮሽ ሲሠሩ ከዳር ያለውን እየሸበሸቡ፣ ቡላ ውስጥ ነክረው፣ ጠርሙስ ደግፈው ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ዙሪያው እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በስኳር ውሃ የሚነክሩም ነበሩ፣ ስኳር የተረፋቸው። ከነዚያ አንዷ ለልጇ ልደት ጠርታን ጉንዳን በእጅጌያችን ገብቶ እየዘለልን ወጥተናል። መቼም ሁሉም ቤት ዳንቴል አልነበረውም፤ ዳንቴል የሰፈር ነበር ማለት ይቀላል። እንግዳ ሲመጣ ከአንዱ ቤት ዳንቴል፣ ከአንዱ ፔርሙስ፣ ከአንዱ አበባ ይመጣል፤ በማግስቱ በነጠላ ሥር ሆኖ ይመለሳል። ሕጉ አንድ ነበር። የራስሽን ዕቃ በሰው ጠረጴዛ ላይ ብታዪው አላየሽውም። ማመስገንም፣ ማየትም፣ መንካትም የለም። ባለቤቲቱ እንዲህ ዝም ስትል ተዋሺዋም ስለ ዕቃው ዝም ትላለች። ይህ ሕግ ስንቱን ገበና ሸፍኗል።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ እማዬ ግድግዳ ከምትጋራን ከእትዬ ብርቄ ዳንቴል አመጣች። እንዲህ ያለ ዳንቴል አይቼ አላውቅም። መሃሉ ኮከብ ነው፣ ዳሩ ሁለት ድርብ ሆኖ ይቆማል። አንደኛው ጫፉ ላይ ብቻ ክሩ ከነጭነት ወደ አመድማ ያደላል፤ ያንን ወደ ግድግዳው አዞርነው። እኔ ራሴ ቡላ በጥብጬ፣ በጠርሙስ ደግፌ አደረቅሁት። እትዬ ብርቄ ስትሰጠን «አደራ፣ የሟች ዕቃ ነው» ብላ ነበር፤ ሟቿ ማን እንደሆነች ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ትልቁ ጋሽ ጅግሶ ይባላሉ፤ ጨለለቅቱ ቡና የሚሰበስቡ፣ የሙሉጌታ ቤተሰብ ጎረቤት ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው ለመኑ፣ አባቴ ተቀመጡ አላቸው፣ ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ነገሩ ሁሉ ደህና ሄደ። ያበላሸችው እማዬ ናት፤ ያውም ስለ እኔ ብላ። ፀጥታው ረዘመባት መሰል ሻዩን እየቀዳች «እንደው ዳንቴሉን አያችሁልኝ? የልጄ የአልማዝ እጅ ሥራ ነው እኮ» አለች። መጋረጃውን ጨምድጄ ያዝኩ። የሴት ልጅ ሙያ በዳንቴል በሚለካበት ጊዜ እናት ምን ታድርግ? ግን ስለ ተዋሱት ዕቃ ዝም ይባላል እንጂ «የኛ ነው» አይባልም። ሕጉ ዝምታን ይሸፍናል፣ ውሸትን አይሸፍንም።

ጋሽ ጅግሶ ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ዳሩን ተከትለው ወደ ግድግዳው በኩል ሄዱና ቆሙ። «ልጄ፣ ነይማ» አሉ። ወጣሁ። «ይቺ ጫፍ ላይ ያለው ክር ለምን ዳለቻ ሆነች?» ጌዴኦኛቸው አማርኛውን ያለሰልሰዋል፤ ድምፃቸውም ቁጣ አልነበረበትም። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እማዬ ቀደም ብላ «ነጩ አልቆባት ነው» አለች። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። «ልክ ነው» አሉ፣ «አልቆባት ነው።» ከዚያ በኋላ ሻያቸውን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም። ትኩሱን ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወሩ ጨረሱት። አባቴ እንደ ደንቡ መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እንሰጣለን አለ፤ ተነሥተው ሄዱ።

እትዬ ብርቄ ዳንቴሏን ልትወስድ ስትመጣ እማዬ ስለ ዳለቻው ክር ነገረቻት። እትዬ ብርቄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዕቃው ወርቅነሽ የምትባል፣ ድሮ እዚሁ ዲላ ሳሉ ጎረቤቷ የነበረች ሴት ሥራ ነው። እትዬ ብርቄ ለልጇ ክርስትና ተዋሰችው። ሳትመልስላት ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ወደ ጨለለቅቱ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። «ለማን ልመልስ? ከባሏ ጋር ስለ ዳንቴል አላወራ!» አለች። እማዬ የባልየውን ስም ጠየቀቻት። «ጅግሶ።»

እማዬ ቆማ የነበረችው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ምላሴን በቆረጠው» አለች፣ ደጋግማ። ሰውየው የሟች ሚስታቸው እጅ ሥራ በእኔ ስም ሲጠራ ሰምተው፣ ትኩስ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠው ነው የሄዱት! እኔ ያለቀስኩት ግን፣ ልናገረው ያስጠላኛል፣ ለሳቸው አልነበረም። ሙሉጌታ ቀረብኝ ብዬ ነው። እንዲህ ወዳለ ቤት የሚመለስ ሽማግሌ የለም፤ ነገሩ በጨለለቅቱ ሲወራ እሱም ጠመኔውን ከሌላ ሱቅ ይገዛል።

አባቴ አልተቆጣም። እሱ ሲያዝን ነው የሚተርተው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለና ቀጥሎ ዳንቴሉን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በእጃቸው እንደሚሰጣቸው ነገረን። እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «በሰው ፊት አታዋርደኝ፤ በጓሮ እንላክላቸው፤ እኔው ሄጄ ልስጣቸው።»

«በሰው ፊት የዋሸነውን በጓሮ አንመልስም» አላት።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ቤቱ የሁለታችን ነው።»

በቀጠሮው ቀን እማዬ ሻዩን አፍልታ፣ ብርጭቆውን አጥባ፣ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሰላም ብላ በኋላ በር ወጥታ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆመች። አባቴ አላስቀመጣቸውም፤ እሱም አልተቀመጠም። ዳንቴሉን ከጠረጴዛው አንሥቶ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ለጋሽ ጅግሶ ሰጣቸው። «የእርስዎ ነው። ተውሰን ነው። የልጃችን ሥራ ነው ያልነው ውሸት ነው።» ከዚያ፣ ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አንሶላውንም ገፈፈው። የሣጥኑ ፊደል፣ ጥላው፣ ብርጭቆው ሁሉ ወጣ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳንቴሉ ሲገለጥ ያልተሰማኝ ውርደት ያ የተሳለ ብርጭቆ ሲወጣ ተሰማኝ። አባቴ ደግሞ በጣቱ ብርጭቆውን እያሳየ «እንግዲህ ጠረጴዛችን ይህ ነው፤ ሻይ ይቀመጥበት ተብሎ ከፈረንጅ አገር ተጽፎበት መጥቷል» አላቸው።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ጅግሶ ናቸው። ተቀመጡና ዳንቴሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ዲላ ገበያ ላከችኝ። ነጭ ክር አምጣ አለች። እኔ ይሄን አመጣሁ፤ ነጭ መስሎኝ! 'ዳለቻ በሬ ግዛ ብዬ ነው እንዴ የላክሁህ?' አለች። ጎረቤት ሁሉ ጠርታ ሳቀችብኝ።» ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ከሞተች ወዲህ በእሱ ነገር የሳቀብኝ የለም።» ስለ ወርቅነሽ ሲያወሩ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አንደኛው ሽማግሌ የመጣንበትን ብሎ ሊያስታውሳቸው ግድ ሆነ። ያን ጊዜ ጋሽ ጅግሶ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ልጄ፣ ያንቺ እጅ ሥራ የታለ ታዲያ?»

ነበረኝ። አንድ። ክር እንዳይባክን ብዬ በየዙሩ ስቆጥብ ዳሩ እየጠበበ፣ እየጎበጠ የሄደ ዳንቴል ነው። ከፍራሽ ሥር አውጥቼ፣ ፊቴ እየነደደ፣ እጃቸው ላይ አኖርኩት። ጠረጴዛው ላይ ሊያነጥፉት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ገለበጡት፤ እንደ ቆብ ቆመ። ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ጋሽ ጅግሶ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ለጓደኞቻቸው «እነዚህ ሰዎች ውሸት እንኳ አይችሉበትም፤ ልጃችንን እንስጣቸው» አሉ። ነገሬ እዚያ ላይ አለቀ። ብርጭቆዎቹ ሁሉ ባዶው ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

እኔና ሙሉጌታ ዕድሜያችንን አብረን በላን፤ እሱን ከቀበርኩት ጥቂት ዓመት ሆነኝ። ጨለለቅቱ በሄድኩ ቁጥር «ዳንቴል መጣች» ይሉኝ ነበር። በፍቅር ነው። ግን በፍቅርም ቢሆን ጆሮዬ ይግላል። እማዬ አንድም ቀን አብራኝ አልሄደችም። ሠርጉ ዲላ ስለነበር መቅረት አልቻለችም፤ ጓዳ ተደብቃ ዋለች። የመጀመሪያ ልጄን ጨለለቅቱ ስወልድ በአውቶቡስ ቅቤና የገንፎ እህል ላከች። ጉልበቴን አመመኝ አለች። ሁለተኛውን ስወልድ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው አለች። ሙሉጌታ መኪና ለምኖ ሊወስዳት ሲመጣ የምትጠብቀው ዕድር ነበረባት። ጋሽ ጅግሶ ራሳቸው በየበዓሉ «እናትሽ ለምን አትመጣም?» ይሉኝ ነበር። እኔም ጉልበቷን፣ ዝናቡን፣ ዕድሩን እቆጥርላቸው ነበር። ሁሉም ይቅር ብሏታል፣ ሁሉም ስቆ ረስቶታል፣ እንግዲህ ምን ሆና ነው? እያልኩ እበሳጭባት ነበር። ጨለለቅቱን ሳትረግጥ ሞተች።

እሑድ የቤዛ ጓደኞች መጡ። ያ ልጅ ትሪውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ያምራል፣ ከየት ገዛሽው?» አላት። ቤዛ ምንም አልመሰላት። «የሰሚራ ነው፣ ነገ ይመለሳል። ጠርሙሱን ከመንገድ ነው ያነሣሁት። ያ ኳስ ደግሞ ቡላ ነው፤ ከራበህ ብላው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ማንም አልተዋረደም። ያ ልጅም አንሥቶ ሊነክሰው ሞከረ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ውሃ የምቀዳ መስዬ በኋላ በር ወጣሁና ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆምኩ።

እዚያ ሆኜ ሰማሁት። ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ሳቅ ምን እንደተባለ አያሰማም፤ ሳቁን ብቻ ነው የሚያሰማው። ውጭ ለቆመ ሰው ሳቁ ሁሉ በሱ ላይ ነው። ያን ቀን ለእኛ ይቅርታው በሳቅ ነበር የመጣው፤ እማዬ ከእንሰቱ ሥር የሰማችው ግን ሳቁን ነው። ባሏ ገበናዋን ሲገልጥ፣ እንግዶቹ ሲፈነዱ፣ ልጇም አብራ ስትስቅ።

ቤዛ ከኋላዬ መጣች። «እማዬ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ሁሉም አንቺን እየጠየቁ ነው፤ ነይ ግቢ እንጂ» ብላ እጄን ያዘች።

ገባሁ። እማዬን ያን ቀን ነይ ግቢ ያላት ሰው አልነበረም።